ያልታጎለ እሁድ

ሜዳውን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን ከሌላ ሰው እንድትሰሙት አልፈልግም፤ በከተማችን በኮርሆጎ ገበያ ውስጥ ወሬውን ጨው ጨምረው የሚያወሩት ብዙ ናቸው፣ ከነሱም አንደኛው የገዛ ጓደኛዬ ልብስ ሰፊው ዛና ነው። ስለዚህ ከራሴ አፍ ስሙት።

ናንጋ ሲሉዌ እባላለሁ። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። ሠላሳውን ዓመት የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ሚዛን ላይ ቆሜ አሳለፍኩት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ሹመት ብቻ ነው የቀረኝ፤ የአንጋፋ ተጫዋቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ነኝ። ማኅበር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሥራ አራት ሽማግሌዎች እሁድ እሁድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሰብስበን ማራካና እንጫወታለን። ማራካና ትንንሽ ጎል ያለው፣ በረኛ የሌለው፣ ኳሷ ከጉልበት በላይ ከተነሣች የሚያስቀጣ የሽማግሌ ጨዋታ ነው። ቦርጭ ያለውም ይጫወታል፣ ወገቡን የሚያመውም ይጫወታል። ሲያልቅ ሩዝ በጅግራ በልተን፣ ተሰዳድበን፣ ወደየቤታችን እንገባለን።

ይህ ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ አንድም እሁድ ታጉሎ አያውቅም። ዝናብም አላስቀረውም፣ ልቅሶም አላስቀረውም፣ ታጣቂዎች ከተማችንን በያዙ ጊዜም አልቀረም። ሜዳውን ከጫካ በዶማ መንጥሮ ያወጣው ዚዬ ቱዎ ነው። ዛሬ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ በጉልምስናው በእርሻ ውድድር የሚቀድመው የሌለ፣ ወጣቶች ከኋላው ተሰልፈው ትንፋሽ ያጥራቸው የነበረ ገበሬ ነው። ሌሎቻችን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ታመን ቀርተናል፣ አገር ለቀን ሄደናል፣ ሰንፈንም ተኝተናል። ዚዬ ግን አንድም እሁድ ቀርቶ አያውቅም። ሚስቱን ቀብሮ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ሰዎች ሲያሙት «እሷ ራሷ በሕይወት ብትኖር ሂድ ውጣልኝ ነበር የምትለኝ» አለና ጫማውን አሰረ።

ታዲያ ከተማችን ለአፍሪካ ዋንጫ ከተመረጡት አስተናጋጅ ከተሞች አንዷ ሆነች። ደስ አላለንም ብል እዋሻለሁ። መንገዱ አስፋልት ለበሰ፣ መብራት ተተከለ፣ ከሜዳችን ፊት ለፊት አዲሱ ስታዲየም ቀስ በቀስ ከመሬት ብቅ አለ። ማታ ማታ ወንበር ይዘን ወጥተን ክሬኑ ሲዞር እናይ ነበር። ዛና «ይሄ ሁሉ ብረት ለኳስ ነው ወይስ መርከብ ሊሠሩ ነው?» እያለ ያስቀን ነበር። አንድ ሰው ስታዲየሙን ሲነቅፍ ብሰማ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምጣላው።

ሴራፌን ቲያ የመጣው በአንዱ እሁድ ነው፤ ጨዋታው አልቆ ሳህኑን ከበን ተቀምጠናል። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለ ሰው ነው። የስታዲየሙን በሮች፣ አጥርና የመኪና ማቆሚያ የሚያሰናዳው እሱ መሆኑን በዓይን እናውቅ ነበር። ስሙን ሲነግረን እጄን ከሳህኑ አነሣሁ።

«ቲያ? ያኩባ ነሃ እንግዲህ» አልኩት። «አንተ ሎሌ፣ ጌቶችህ ሲበሉ ቆመህ ታያለህ?»

«ሎሌዎቼ የሚበሉትን ልቆጣጠር ነው የመጣሁት» አለ ሳያስብ። «ጅግራ ማን ፈቀደላችሁ?»

ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እኛ ሴኑፎዎችና ከምዕራቡ ተራራ የሚመጡት ያኩባዎች በአያቶቻችን ቃል ኪዳን የተሳሰርን ነን። ያኩባ ባገኘሁ ቁጥር ሎሌዬ እለዋለሁ፣ እሱም ሎሌዬ ይለኛል፤ ጌታው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተወሰነም። በመካከላችን አንቱታ የለም፣ ቂም የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ ያኩባ ካለ የሟቹን አካሄድ እያስመሰለ ለቀስተኛውን ያስቃል፣ የሟቹ ልጆችም ይቀበሉታል። ከቀልዱ ሥር ግን የማይቀለድበት ነገር አለ። አንዱ ኮላ የምትባለውን መራራ፣ የሚታኘክ ፍሬ ሰጥቶ በቃል ኪዳኑ ስም የጠየቀውን ሌላው እምቢ ማለት አይችልም። እምቢ ያለ ሰው እምቢ ያለው አያቶቹን ነው። ለዚህ ነው ሰው በዋዛ የማይጠይቀው፤ ዕድሜ ልኩን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቅ የሚሞት አለ።

«ፍየል ሸሚዝ ለብሶ ከተራራ ሲወርድ ዛሬ ገና አየሁ» አለ ዛና።

«እናንተ ደግሞ ዶማ አቅፋችሁ የምታድሩ ሰዎች ኳስ ማን አሳያችሁ?» አለ ቲያ። «ከማዶ ሆኜ ሳያችሁ ስኳር ድንች የምትቆፍሩ ነው የመሰለኝ።»

ቁጭ ብሎ አብሮን በላ። ዚዬን ሳይቀር አሳቀው፣ ዚዬ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚስቅ ሰው ነው። ከዚያ ከኪሱ በቅጠል የተጠቀለለ ኮላ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። እኔ ሳቄ ገና አላለቀም፤ ተቀብዬ ገመጥኩት። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ። ዛና ሲስል ሰማሁት፣ ግን ሊያስጠነቅቀኝ መሆኑ የገባኝ ካኘክሁ በኋላ ነው። ልጅ እንኳ አይስተውም፤ ከያኩባ እጅ ኮላ ስትቀበል መጀመሪያ «ለምንድን ነው?» ትላለህ።

ቲያ ተነሥቶ ቆመ። ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል አልነበረም።

«ናንጋ» አለ። «በአያቶቻችን ቃል ኪዳን ስም፣ ይህን ሜዳ ለእንግዶቹ መኪና ማቆሚያ እለምናችኋለሁ።»

አፌ ውስጥ ያለውን መትፋት አማረኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ደግሞ አንድ ቃል እንኳ ሳልናገር ነው አፌ ወለም ያለው። ዞር ብዬ ዚዬን አየሁት። እጁን እየታጠበ ነበር፣ ቀና አላለም።

«ሰጥተናል» አልኩ።

«የፖሊስ ወረቀት በኪሴ አለ» አለ ቲያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሱ ልመጣባችሁ እችል ነበር። ከወረቀት ኮላ ይሻላል ብዬ ነው።»

«በወረቀት ብትመጣማ እንጣላህ ነበር» አለው ዛና። «ሞኙን መርጠህ አበላኸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በማኅበሩ ውስጥ «ሞኙ» ሲባል ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ባለቤቴ ሚናታም ሰማች። «ሠላሳ ዓመት የሰው ጥጥ ስትመዝን አንድ ኪሎ ሳታሳልፍ፣ ሜዳ የሚያህል ነገር በአንድ ፍሬ ሰጠህ?» አለችኝ።

በሳምንቱ የብረት አጥር ተተከለ። አጥሩ በተተከለ በሦስተኛው ቀን መኪና መጥቶ የሠላሳ አንድ ዓመት ላባችን ላይ ሬንጅ አፈሰሰ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለውን ተረት እነሱ ገልብጠውት ነበር፤ እኛን የናቁት አጥር በማጠር ነው። ዚዬ ግን ሬንጁ ከመፍሰሱ በፊት ለሌላ ሥራ ተነሥቷል። ወንድሙ ከከተማ ወጣ ብሎ ቁጥቋጦ የወረሰው መሬት ሰጠው፤ እኛ አሥራ ሦስታችን ዶማና ገጀራ ይዘን ከኋላው ተሰለፍን። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው አልኳችሁ፤ ሁላችንንም አድክሞ ጣለን። ያም ሆኖ ጉቶው አላለቀም። ለአንዲት እሁድ ብቻ ነበር የማይደርሰው። ለአንዷ፣ ለመጪዋ።

ረቡዕ ማታ ዚዬ ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም።

«እሁድ የት ነው?» አለኝ።

«የትምህርት ቤቱ ሜዳ ለልምምድ ተዘግቷል» አልኩት። «መንገድ ላይ ኳስ የያዘ ይታሰራል ብለዋል፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ብለው። ጉቶ መሃል ብንጫወት እግር እንሰብራለን።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። እሁድ የት ነው?»

ሄደ። ቢሰድበኝ ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አልሰደበኝም፣ ስለዚህ እስኪነጋ ጣራ ስቆጥር አደርኩ፤ ሲነጋ ግን ሐሳቤን ቆርጬ ነበር። የሰጠሁት ሜዳ በቃል ኪዳን ከሄደ፣ የጠፋችውም እሁድ በቃል ኪዳን ትመጣለች። እኔም እንደ ቲያ አፍ አለኝ፣ አያትም አለኝ። ሐሙስ ጠዋት ከገበያ ትልቁን ቀይ ኮላ ገዛሁ።

ቲያ ሲያየኝ ገባው። ቢሮው ከስታዲየሙ ትልቅ በር አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ በሩ ላይ ስደርስ ሁለት እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ምን ይዘሃል?» አለ።

«ሰላምታ ይዣለሁ።»

«ከሩቅ ሰላም በለኝ።»

«ጠዋት ጠዋት እጅ ንሣ ብሎ አላሳደገህም ያ የተራራ ፍየል አባትህ?»

«እጄ ቆሽሿል።»

«የኔም ቆሽሿል፣ ገበሬ ናችሁ አላልከንም?»

ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ቆመው ያያሉ። አንድ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ፣ አንድ ጎልማሳ እጁን ደብቆ፤ እንዲህ ያለ ነገር በኛ አገር ነውር ነው። ቲያ አንድ ጊዜ ጠባቂዎቹን አየ፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ፣ ከዚያ እያማረረ ቀኝ እጁን አወጣ። ጨበጥኩት። ኮላው በሁለታችን መዳፍ መካከል ነበር። እጄን ስመልስ ኮላው እሱ እጅ ቀረ።

«ለምንድን ነው?» አለ። ቢያንስ እሱ ጠየቀ።

«በአያቶቻችን ቃል ኪዳን ስም፣ እሁድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስታዲየሙን ክፈትልን። አንድ ጨዋታ፣ አርባ ደቂቃ።»

ተቀመጠ። የሣሩን ነገር ነገረኝ፤ እሱ ራሱ እንኳ በጫማ እንደማይረግጠው፣ ዘሩ ከባሕር ማዶ እንደመጣ፣ ሰኞ የዋንጫው ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሣሩን በእጃቸው እየዳሰሱ እንደሚያዩትና ካልወደዱት ለከተማችን የተመደቡት ጨዋታዎች ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ እንደሚችሉ። «እንጀራዬ ነው ናንጋ» አለ። «ሦስት ልጆች አሉኝ።»

እውነቱን ልናገር። በዚያ ሰዓት ልተወው ይገባኝ ነበር፣ አዘንኩለትም። ነገር ግን ዚዬ ደጄ ላይ ቆሞ ዓይኔን ያየበት መንገድ ከፊቴ አልጠፋ አለ። «ሜዳዬም እንጀራዬ ነበር» አልኩት።

ቲያ ኮላውን ገመጠ። እያኘከ ሕግ ዘረዘረልኝ፤ በባዶ እግር፣ ትልልቆቹ ጎሎች ፊት ሳንደርስ መሃል ሜዳ ላይ ብቻ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወጥተን። «ለማንም እንዳትናገር፣ በተለይ ለዚያ ልብስ ሰፊ» አለኝ። ለዛና እሁድ ጠዋት በሩ ላይ ስንደርስ ነው የነገርኩት። ከሁላችንም ቀድሞ ጫማውን አወለቀ።

ያን ሣር ረግጣችሁት ስለማታውቁ ባይገባችሁ አልፈርድባችሁም። ጤዛ ነበረው፣ እግሬ ሥር ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። እኛ አቧራና ጠጠር ነው የለመድነው፤ ከመሃላችን ሁለቱ መጀመሪያ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ነኩት። ባዶው ወንበር ዙሪያችንን ከብቦ፣ እያንዳንዷ ሳላችን ተመልሳ ትሰማለች። ሸራ ጫማዎቻችንን ጎል አድርገን አስቀመጥን። ዚዬ መሃል ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየና «ሰፊ ነው፣ ደኅና ነው የመነጠሩት» አለ። ከዚያ ጀመርን።

ሠላሳ ደቂቃ ያህል ተጫውተናል። ውጤቱ አራት ለአራት ነበር። የዛና ጉልበት ከድቶት ወጥቶ መስመር ዳር ተቀምጦ ተቃራኒውን ቡድን ይሰድባል። እኔ እንደ ልጅ እየሮጥኩ ነበር፤ ሜዳውን የሸጠ ሞኝ መሆኔን ረስቻለሁ። ቲያ ሰዓቱን እያየ ዳር ዳር ይመላለሳል። ድንገት ከመግቢያው መተላለፊያ የሴት ጫማ ድምፅ ሰማን።

ማዳም ካሲ ነበረች። የቲያ አለቃ ናት፣ ከትልቁ ከተማ ከአቢጃን የመጣች፣ ቀጭንና ቀጥ ያለች ሴት። ተቆጣጣሪዎቹ ጉብኝቱን ከሰኞ ወደ እሁድ ሦስት ሰዓት አምጥተውታል፤ ለቲያ ተደውሎለት ነበር፣ እሱ ግን እኛን ሲጠብቅ ስልኩን ቢሮ ትቶታል። እሷም ሣሩን ቀድማ ልታየው መጣች፣ ሁለት ፖሊሶች ከኋላዋ። በባሕር ማዶ ሣር ላይ አሥራ ሦስት ባዶ እግር ሽማግሌዎች አገኘች።

አልጮኸችም። የምትጮህ ብትሆን ይሻለን ነበር።

«ማን ነው የከፈተላችሁ?» አለች።

ኳሷን በእግሬ አቆምኩና ወደሷ ሄድኩ። «እኔ ነኝ፣ ማዳም። ቁልፉን ከዚህ ልጅ ቢሮ የሰረቅሁት እኔ ነኝ።»

«ይዋሻል» አለ ቲያ ከጀርባዬ። «ሴኑፎ ዳዴ ሲል ጀምሮ ነው የሚዋሸው። እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«ይሄ ሎሌ ቁልፍ ይሰጠዋል ብለው ነው? በሩን እንኳ በየትኛው ወገን እንደሚከፈት አያውቅም።»

«ማዳም፣ ይህ ሰው በፍሬ ሜዳ የሸጠ ነው። ስርቆት የሚችል ጭንቅላት የለውም።»

ከፖሊሶቹ አንዱ ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ማዳም ካሲ ግን አልሳቀችም። እኛን አንድ በአንድ አየችን፣ ከዚያ ለእኔ በትሕትና ተናገረች፤ የሚያናድደውም ትሕትናዋ ነበር።

«አባቴ፣ እርስዎ የተከበሩ ሰው ይመስሉኛል። ይህ ከተማ ለዚህ ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቀ ያውቃሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰዎች መጥተው አንዲት ክፉ መስመር ቢጽፉ ጨዋታው ከዚህ ይነሣል። አስተናጋጅ ከተማ መሆናችን ይቀራል። ይህን ለእናንተ ስል ነው የምለው።»

ያኔ ደሜ ፈላ። አሁንም ሳወራው ይፈላል።

«አስተናጋጅ» አልኩ። «ልጄ፣ በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምርጡን አልጋ እንለቅለታለን፣ ዶሮውን እናርድለታለን፣ ራሳችን ምንጣፍ ላይ እንተኛለን። ግን ቤት ውስጥ ነው የምንተኛው። ባለቤቱን አውጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጓሮው ላይ ሬንጅ አፍስሶ አስተናጋጅ ነህ የሚል እንግዳ አይተን አናውቅም። ሜዳችንን ጠየቃችሁን፣ ሰጠናችሁ። የእናንተ ነው ያልነውን መልሱ አላልንም። አርባ ደቂቃ ሣር ነው የወሰድነው። ሣር ደግሞ መልሶ ይበቅላል፣ ይህን ለሴኑፎ ማንም አያስተምረውም።»

«ደቂቃው አላለቀም» አለ ዚዬ።

ሁላችንም ወደሱ ዞርን። ኳሷን አንሥቶ በክንዱ ሥር ይዟል። ወደ ማዳም ካሲ ቀስ ብሎ መጣ።

«ልጄ» አላት። «ታጣቂዎች ይህን ከተማ በያዙ በማግሥቱ እሁድ ነበር። ስምንት ሆነው ጠመንጃ ይዘው መጡ፣ ውጡ አሉን። ደቂቃው አላለቀም አልኳቸው። አንዱ አፈሙዙን እዚህ ላይ» ደረቱን ነካ፤ «አስቀመጠው። ቆየን። ከዚያ ወደ ጥላው ሄደው ተቀመጡ። ሲያልቅ ወጣን። አንቺ ጠመንጃ የለሽም።»

ማዳም ካሲ ዚዬን ረጅም ጊዜ አየችው። እግሩን አየች፣ ያን የተሰነጣጠቀ የገበሬ እግር።

«ስንት ደቂቃ ቀራችሁ?» አለች።

«ስምንት» አለ ዛና ከተቀመጠበት።

እጇን ወደ ቲያ ዘረጋች። «ቁልፉን» አለችው። ቲያ ከወገቡ ፈትቶ ሰጣት። «ነገ ደብዳቤህን ትወስዳለህ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አትሠራም።» ይህን ያለችው ያለ ጥላቻ ነው፣ ሥራዋ ስለሆነ ነው። ከዚያ መስመሩ ዳር ሄዳ ቆመች፣ ቁልፉን በእጇ ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች።

ዚዬ ኳሷን መሃል ላይ አስቀመጣት፤ የሚመታት ግን ጠፋ። የሰውየውን ሥራ አሥራ አራት ሽማግሌ ለአንድ ጠዋት በላነው ብዬ አፈርኩ። ያን ጊዜ ቲያ ተንበርክኮ የሚያብለጨልጭ ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ።

«አንድ ሰው ጎድሏችኋል» አለ። «የት ልግባ?»

«ተከላካይ» አለው ዛና። «እንዳትሮጥ ብቻ፣ ሜዳው ተራራ የለውም።»

ስምንቱን ደቂቃ ተጫወትን። እንደዚያ ተጫውተን አናውቅም ብል ውሸት ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ነው የተጫወትነው፣ መጥፎ። ቲያ የመጀመሪያዋን ኳስ ሲመታ ከራሳችን በላይ ሄደች። ከጉልበት በላይ ነውና ቅጣት። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሰደበው። ዚዬ ኳሷን አስቀመጠ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደ፣ በሁለቱ ጫማዎች መካከል ቀስ አድርጎ ከተታት። አምስት ለአራት። ከፖሊሶቹ አንዱ ሳያውቀው አጨበጨበና እጁን ኪሱ ከተተ።

ሲያልቅ በሰልፍ ወጣን። ማዳም ካሲ ዚዬ በፊቷ ሲያልፍ ራሷን ዝቅ አደረገች፤ በሩን ግን ወዲያው ቆለፈችው። ሦስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ ሣሩን ዳሰሱ፣ ሄዱ። ጨዋታዎቹ ከኛ ከተማ አልተነሡም። እግራችን ያረፈበትን ለይተው ስለማወቃቸው የሰማሁት ነገር የለም።

ሌሎቹ ወደ ቤት ሄዱ። እኔና ቲያ ከበሩ ውጭ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቀረን። እግሩ ርሷል፣ ካልሲውን ለማጥለቅ ይታገላል።

«ነገ ጠዋት ቢሮዋ እሄዳለሁ» አልኩት። «ሽማግሌዎቹን ሁሉ ይዤ። ካስፈለገ በሩ ላይ እንንበረከካለን። ከሷ በላይ ያሉትም ጋ እንሄዳለን፣ አቢጃን ድረስም ቢሆን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሥራህን ትመልስልሃለች።»

«ኮላ አልያዝኩም» አለ። «እንዲያው በባዶ እጄ ልጠይቅህ። በአያቶቻችን ቃል ኪዳን ስም፣ ስለኔ ብለህ ማንም ፊት እንዳትንበረከክ። አንተም፣ አንድም ሰው ከናንተ።»

«ሦስት ልጆች አሉህ።»

«ጠየቅሁህ እኮ፣ ሎሌዬ።»

እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። «እምቢ» ብለው እንዴት ደስ ባለኝ። ግን አይቻልም፤ ኮላ ባይኖርም የአያቶቻችን ስም ተጠርቷል፣ እናንተም የቃል ኪዳን ሰው ብትሆኑ አይቻላችሁም።

«እሺ» አልኩት።

ሄጄ አልለመንኩም። ዋንጫው መጣ፣ ከተማው ጨፈረ፣ እንግዶቹ መኪናቸውን ሜዳችን ላይ አቁመው ገቡ። ቲያ ዛሬ ከሰው ጋር ተሻርኮ ሲሚንቶ ይጭናል፣ ሥራው ከቀድሞው የከፋ ነው። በዚያ ስታዲየም በር ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ወደ ቢሮዋ ሊዞር ይላል፤ እመልሰዋለሁ። አንገቴን ቀና አድርጌ አልፋለሁ፣ ምክንያቱም ቀና ማለቴ የአንድ ሰው እንጀራ የተከፈለበት ነው።